መስፈርቱ ከስሙ ይቅደም፦ በብቃት መቅጠርና ማሳደግ በተግባር

ጥያቄ፦ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ኃላፊ ነኝ። ቅጥሩም የደረጃ ዕድገቱም በብቃት ይሁን ተብለናል። ለቅጥር የጽሑፍ ፈተና ሰጥተን ቃለ መጠይቅ እናደርጋለን፤ ለዕድገት የሥራ አፈጻጸም ነጥብና የአገልግሎት ዘመን እንደምራለን። ይሁን እንጂ ሠራተኛው ውጤቱን አያምነውም፣ የሁሉም ሰው የአፈጻጸም ነጥብ ከ90 በላይ ነው፣ ጎበዝ ያልናቸውን ባለሙያዎች ስናሳድጋቸውም ጥሩ ኃላፊ አልሆኑልንም። የምንሳሳተው የቱ ላይ ነው? ከየትስ እንጀምር?

ምላሽ፦ ፈተናም፣ ቃለ መጠይቅም፣ የአፈጻጸም ምዘናም መኖራቸው ልክ ነው። የሚበላሹት በአጠቃቀማቸው ነው፤ በተለይም ነጥቡ በምን ላይ እንደሚሰጥ የሚወሰነው መቼ ነው በሚለው ላይ። ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳልዎ ደንብ አንድ ነው፦ ማን እንዳመለከተ ከመታወቁ በፊት ምን እንደሚለካ፣ በምን እንደሚለካ፣ ስንት ነጥብ እንደሚይዝና ጥሩ መልስ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ታሽጎ ይቀመጥ። የአመልካቾች ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ የሚነካ መስፈርት፣ የነካው ሰው ቅን ቢሆን እንኳ፣ ወደሚያውቀው ሰው ያጋድላል። ሠራተኛውም ይህን ስለሚያውቅ ነው ውጤቱን የማያምነው።

መነሻው የሥራ ትንተና ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት የሥራ መዘርዝሩን ከመደርደሪያ አውጥቶ ማስታወቂያ ላይ ይገለብጠዋል። መዘርዝሩ የተጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ መደቡን ለማስፈቀድና ደረጃውን ለማስወሰን ስለሆነ ለፈተና ዝግጅት አይበቃም። መደቡ ላይ የሚሠሩ 2 ወይም 3 ሠራተኞችንና 2 የቅርብ አለቆችን ለየብቻ አነጋግሩ፤ ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ ዋና ዋና ተግባራትን አስዘርዝሩ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በሳምንት ወይም በወር ስንት ጊዜ ይሠራል? ቢበላሽ ምን ጉዳት ያመጣል? ብዙ ጊዜ የሚሠሩትና ጉዳታቸው ከባድ የሆኑት ናቸው ፈተናውን የሚወልዱት። ከዚያ ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ችሎታ ለሁለት ክፈሉት፦ በመጀመሪያው ቀን የግድ ይዞት መምጣት ያለበትና በ6 ወር ውስጥ እዚያው ሊማረው የሚችለው። የሚፈተነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ቅጽ አሞላል ከውጭ የመጣ አመልካች ሊያውቀው አይችልም፤ እሱን የሚጠይቅ ፈተና ከውስጥ ሰው ሹክ የተባለውን ያሳልፋል።

ተፈላጊ የትምህርት ደረጃ ላይም በዚሁ መንገድ ጥብቅ ይሁኑ። አመልካች በዛ ተብሎ ዲፕሎማ ለሚበቃው መደብ ዲግሪ፣ ዲግሪ ለሚበቃው ሁለተኛ ዲግሪ መጠየቅ ማጣሪያ ይመስላል፤ የሚያጣራው ግን ብቃትን አይደለም። አመልካች ከበዛ አጭር ማጣሪያ ፈተና ስጡ።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። ለማንኛውም መደብ ከሁሉ በላይ የማምነው የተግባር ፈተናን ነው፤ ማለትም የሥራውን ቁራጭ ወስዶ ማሠራት። የግዥ ባለሙያ እየቀጠራችሁ ነው እንበል። ለተፈታኙ ሦስት የመወዳደሪያ ሰነዶች፣ የመገምገሚያ መስፈርትና የሚመለከተውን መመሪያ ገጾች ስጡት፤ 60 ደቂቃ ይኑረው፤ አንድ ገጽ የውሳኔ ሐሳብ ይጻፍ። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ጠቅላላ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ተራ ላይ የንጥል ዋጋ 1,250፣ ብዛት 48 ተብሎ ድምሩ 50,000 ተጽፏል፤ ትክክለኛው ብዜት 60,000 ነው። የሁለተኛው የጨረታ ማስከበሪያ፣ ማለትም ተወዳዳሪው የሚያስይዘው ዋስትና፣ የጨረታ ሰነዱ ከሚጠይቀው ጊዜ 10 ቀን ቀድሞ ያበቃል። ሦስተኛው የተሟላ፣ ግን ውድ ነው። ነጥቡ ከ20 ይያዝ፦ የስሌት ስሕተቱን ማግኘት 4፣ ስሕተቱን በተሰጠው መመሪያ መሠረት ማስተናገድ 4፣ የማስከበሪያውን ጉድለት ማየት 4፣ የውሳኔ ሐሳቡ ከመመሪያው የሚነሳ መሆኑ 5፣ የጽሑፉ ግልጽነት 3። መመሪያው አብሮ የሚሰጠው ሆን ተብሎ ነው፤ አንቀጽ በቃል መያዝን ሳይሆን አንብቦ መጠቀምን ነው የምንፈልገው። እንዲህ ያለ ፈተና ለማዘጋጀት ሁለት ቀን ይፈጃል። የተሳሳተ ሰው ግን መደቡ ላይ ዓመታት ይቆያል።

ምርጫ ያለው የጽሑፍ ፈተና ለብዙ አመልካች ማጣሪያነት ይጠቅማል፤ ጥያቄዎቹ ራሳቸው ሲመረመሩ ነው ታዲያ። ከፈተናው በኋላ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ቁጥር አውጡ። አንደኛው ክብደቱ ነው፦ ከ100 ተፈታኝ ስንቱ መለሰው? ከ30 እስከ 80 መካከል ያለው ጥሩ ነው፤ 95 ሰው የመለሰው ጥያቄ ማንንም ከማንም አይለይም። ሁለተኛው የመለየት አቅሙ ነው፦ ተፈታኞቹን በጠቅላላ ውጤት ደርድሩ፣ ከላይ 27 እና ከታች 27 ከመቶውን ውሰዱ። ከ100 ተፈታኝ ከላይኞቹ 27 ሰዎች 22ቱ፣ ከታችኞቹ 27 ደግሞ 10ሩ ከመለሱት፣ ልዩነቱ 12 ለ27 ሲካፈል 0.44 ይመጣል፤ ይህ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ0.2 በታች የሆነው ለቀጣዩ ጊዜ ይስተካከል ወይም ይውጣ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከወረደ፣ ማለትም ጎበዞቹ ስተውት ደካሞቹ ካገኙት፣ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ የተሳሳተው ቁልፉ ነው፤ ይህንንም ውጤት ከመለጠፉ በፊት ነው ማወቅ ያለባችሁ።

የነጥብ ክብደት ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ቅጥር የሚዛባው እዚህ ላይ ሆኖ ሳለ ልብ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነው። ማስታወቂያው ላይ "የጽሑፍ ፈተና 60፣ ቃለ መጠይቅ 40" ተብሏል እንበል። ሦስት ሰዎች ለመጨረሻው ዙር ደረሱ። ሀ ከፈተናው 48 ከቃለ መጠይቁ 22፣ ለ ከፈተናው 44 ከቃለ መጠይቁ 36፣ ሐ ከፈተናው 47 ከቃለ መጠይቁ 25 አገኙ። ድምሩ 70፣ 80 እና 72 ይሆናል። በፈተናው አንደኛ የነበረው መጨረሻ ወጣ፤ መጨረሻ የነበረው አንደኛ ሆነ። በፈተናው በሦስቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት 4 ነጥብ፣ በቃለ መጠይቁ ግን 14 ነው። ስለዚህ ወረቀቱ 60 ለ40 ቢልም ቅጥሩን የወሰነው ቃለ መጠይቁ ነው። ማንም ሳያጭበረብር እንዲህ ይሆናል፤ ማጭበርበር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ይህችን መንገድ ጠንቅቆ ያውቃታል፤ ለአንዱ 38፣ ለሌላው 18 መስጠት በቂው ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ፈተናው ሰዎችን የሚለይ ይሁን፤ ከላይ ያልኩት የጥያቄ ምርመራ ለዚህ ነው። ተፈታኙ በርከት ካለ ደግሞ ከመደመር በፊት ሁለቱን ውጤቶች ወደ አንድ ሚዛን አምጧቸው፦ ከእያንዳንዱ ውጤት የዚያን ምዘና አማካይ ቀንሱ፣ ቀሪውን ለውጤቶቹ የስርጭት መጠን፣ በስታትስቲክስ መደበኛ ልይይት ለሚባለው፣ አካፍሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው በ0.6 እና በ0.4 የሚባዛው። የተለመደ የሒሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራም በደቂቃ ይሠራዋል። በሦስትና አራት ሰው ላይ ግን አይሠራም፤ አንድ ሰው ብቻውን አማካዩን ያናጋዋል። ጥቂት ሰው ሲሆን የሚያዋጣው የቃለ መጠይቁን ነጥብ አሰጣጥ በጽሑፍ ማሰር ነው።

እንዴት ይታሰራል? ከ5 እስከ 6 ጥያቄ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ ለአንድ ሰው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። "እስቲ ስለራስዎ ይንገሩን" የምትለዋን ጥያቄ ተዋት፤ የምትለካው አንደበት ርቱዕነትንና ትውውቅን ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ 1፣ 3 እና 5 የሚያሰጠው መልስ አስቀድሞ ይጻፍ። ለምሳሌ የባለጉዳይ አገልግሎት መደብ ላይ ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ "ባለጉዳይ አንድ ሰነድ ጎድሎት መጥቷል፤ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው፤ አንድ የበላይ ኃላፊ ደውለው 'ጨርስለት' ብለዋል። ምን ያደርጋሉ?" ታዘዝኩ ብሎ የሚጨርስ፣ ወይም "አይቻልም" ብሎ የሚመልስ ብቻ 1 ያገኛል። ደንቡን ጠቅሶ ለባለጉዳዩም ለኃላፊውም የሚያስረዳ 3። የጎደለውን ሰነድ ለይቶ ሕጋዊ አማራጭ የሚፈልግ፣ የመጣበትን ቀን መዝግቦ ማስረጃ የሚሰጥ፣ ትእዛዙ በጽሑፍ እንዲሆን በአክብሮት የሚጠይቅ 5። መዛኞቹ 3 ይሁኑ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ እንደተመለሰ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይጻፉ። በሁለት ሰዎች መካከል ከ1 በላይ ልዩነት ከመጣ ተፈታኙ ያለውን እየጠቀሱ ይነጋገሩ። ሐሳቡን የቀየረ መዛኝ የመጀመሪያውን ነጥብ ሳይሰርዝ ምክንያቱን ጽፎ አዲሱን ከጎኑ ያስቀምጥ። ሰብሳቢው ሁልጊዜ መጨረሻ ይናገር፤ አለዚያ የሌሎቹ ነጥብ የሱ ግልባጭ ይሆናል።

ስም መሸፈን አዲስ ብልሃት አይደለም። በቻይና በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ የመንግሥት ሥራ ፈታኞች የተፈታኙን ስም ይሸፍኑ ነበር፤ ኋላም የእጅ ጽሕፈቱ እንዳይታወቅ የመልስ ወረቀቱን በጸሐፊዎች እንደገና ያስገለብጡ ነበር። ለእናንተ የሚበቃው ይህ ነው፦ ወረቀቱ ላይ የኮድ ቁጥር ብቻ ይኑር፤ ቁጥሩን ከስም የሚያገናኘው ቅጠል ፈተናውን በማያርም ክፍል ታሽጎ ይቀመጥ፤ የጽሑፍ መልሶችን ሁለት አራሚዎች ለየብቻ ያርሙ፤ ልዩነቱ ከ10 ከመቶ ካለፈ ሦስተኛ ይጨመር። ጥያቄዎቹ ከሚያስፈልገው 3 እጥፍ ያህል ሆነው ከተለያዩ ባለሙያዎች ይሰብሰቡ፤ የሚመረጡት በፈተናው ዕለት ጠዋት ይሁን፤ ያዘጋጀው ሰው የትኛው ጥያቄው እንደወጣ አይወቅ። ፈተና ከማባዣው ክፍል ሊሾልክ ይችላልና ማባዛቱ ላይ ሁለት ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቁም፤ የተበላሹት ወረቀቶችም ተቆጥረው ይወገዱ።

ስለ ጣልቃ ገብነት በግልጽ እንነጋገር። ስለ አንድ አመልካች የመጣ ስልክ፣ መልእክት ወይም "አደራ" ሁሉ ቀኑ፣ ሰዓቱና የደወለው ሰው ተጽፎ የሚገባበት መዝገብ ክፈቱ፤ መኖሩንም ለሁሉም አሳውቁ። መዝገቡ ማንንም ሳይቀጣ እንኳ ስልኩን ይቀንሰዋል፤ የኮሚቴ አባሉም "ይመዘገባል እኮ" ብሎ የሚመልሰው ቃል ያገኛል። ዘመድ፣ የቅርብ ወዳጅ ወይም ጠበኛ ያመለከተበት አባል ዝርዝሩ እንደወጣ ያሳውቅና ከዚያ መደብ ይውጣ። ኃላፊው አንደኛ የወጣውን ትቶ ሁለተኛውን መውሰድ ከፈለገም ምክንያቱን በፊርማው ጽፎ ከቃለ ጉባኤው ጋር ያያይዝ። በፖለቲካ የሚሾሙ ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑም በዝርዝር ይታወቁ፤ ድንበሩ ካልተሰመረ የሹመቱ ልማድ ወደ ታች እየወረደ የክፍል ኃላፊ ድረስ ይደርሳል።

በብቃት መቅጠር ማለት ለሁሉም ዕድል መስጠት ስለሆነ ፈተናው ራሱ አንዱን ወገን እየጣለ አለመሆኑን መርምሩ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት መመሪያ ያስቀመጡት ቀላል መለኪያ አለ፦ የአንዱ ወገን የማለፍ መጠን ከፍተኛ ላለፈው ወገን መጠን ሲካፈል ከ0.8 እንዳይወርድ። 60 ሴቶች ተፈትነው 24ቱ፣ 80 ወንዶች ተፈትነው 48ቱ ቢያልፉ፣ የሴቶቹ 40 ከመቶ፣ የወንዶቹ 60 ከመቶ ነው፤ 40 ለ60 ሲካፈል 0.67። ከ0.8 በታች ስለወረደ የትኛው ጥያቄ ወይም የትኛው መዛኝ ልዩነቱን እንዳመጣ ይፈተሻል። ቁጥሩ ብቻውን አድልዎ ነበር አያሰኝም፤ ፍተሻውን ግን ግዴታ ያደርጋል። አካል ጉዳተኛ ተፈታኝ የሚያስፈልገውን፣ ተጨማሪ ሰዓትም ሆነ አንባቢ ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ ከምዝገባ ቅጹ ላይ ጠይቁት፤ በፈተናው ዕለት የሚደረግ ድርድር እሱንም እናንተንም ያስቀይማል።

የትምህርት ማስረጃን ለማጣራት አመልካቹ ባመጣው ግልባጭ ላይ አትመኩ፤ ሰነዱን ለሰጠው ተቋም በቀጥታ ጻፉ፤ የቅጥር ደብዳቤው ከመውጣቱም በፊት ይሁን። የሙከራ ጊዜውን ደግሞ የምርጫው የመጨረሻ ዙር አድርጋችሁ ያዙት። 6 ወር ከሆነ በ2ኛውና በ5ኛው ወር የተጻፈ ግምገማ ይኑር። ብዙ ቦታ ቀኑ ሲሞላ የቋሚነት ደብዳቤ በራሱ ይወጣል፤ ይህን ገልብጡት፦ የቅርብ አለቃው "ሥራውን ይችላል" ብሎ ማስረጃ አያይዞ ሳይፈርም ደብዳቤው አይውጣ፤ ቀነ ገደቡ ከመድረሱ 30 ቀን በፊትም ማሳሰቢያ ይድረሰው።

ወደ ዕድገት ስመጣ፣ ጎበዝ ባለሙያዎቻችሁ ጥሩ ኃላፊ ያልሆኑት የተመዘኑት በያዙት ሥራ ስለሆነ ነው። ኃላፊነት የተሻለ ባለሙያነት ሳይሆን ሌላ ሙያ ነው። የአፈጻጸም ነጥብ ደግሞ፣ በተለይ ሁሉም ከ90 በላይ ሲሆን፣ ለደረጃ ማውጫ ከቶ አይሆንም፤ 93ን ከ95 የሚለየው የአለቃው የእጅ ልግስና ነው። ስለዚህ አፈጻጸምን እንደ በር ተጠቀሙበት፦ ባለፉት ሁለት የምዘና ዙሮች አጥጋቢ ያገኘ ይገባል፣ ያላገኘ አይገባም፤ ከዚያ በኋላ ነጥቡ አይቆጠር። አገልግሎት ዘመንም እንዲሁ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ልምድ ሰውን በእርግጥ ይለውጣል፤ 12 ዓመት የሠራንና 17 ዓመት የሠራን ሰው ግን የሚለያቸው ቀን መቁጠሪያው ብቻ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ዓመት አንድ ነጥብ እየሰጣችሁ ከሆነ እነዚያ 5 ነጥቦች ሌላውን ልዩነት ሁሉ ይውጡታል። አነስተኛውን ዓመት በመስፈርትነት ያዙ፤ ትርፉን ውጤት እኩል ሲሆን ብቻ ለመለያነት አቆዩት። ለአገልግሎት ክብር መስጠት ከተፈለገ በእርከን ጭማሪ ይሰጥ።

ታዲያ በምን ይለካ? የሚያድግበትን ሥራ አሠሩት። ለተወዳዳሪው የክፍል ኃላፊ የጠዋት ዶሴ ስጡት፦ 12 ደብዳቤዎች፣ 75 ደቂቃ። አንዱ ደብዳቤ ሦስተኛ ገጹ ላይ "እስከ ዛሬ 10 ሰዓት" የሚል ቀነ ገደብ ተቀብሮበታል። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ሳምንት ዕረፍት ጠይቀዋል፤ በዚያው ሳምንት የኦዲት ቡድን እንደሚመጣ ሌላ ደብዳቤ ላይ አለ። ሦስቱ ለኃላፊ የማይገቡ፣ ወደ ባለሙያ የሚመሩ ናቸው። አንዱ የሠራተኛ አቤቱታ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ምሪት ይጻፍበት። ቀነ ገደቡን ያየ፣ ዕረፍቱንና ኦዲቱን ያገናኘ፣ የማይመለከተውን ለሚመለከተው የመራ ሰው ወዲያው ይለያል። ሁሉንም "ለእኔ ይቅረብ" ብሎ የጻፈውም እንዲሁ። ቀጥሎ 20 ደቂቃ የሚወስድ ትወና፦ ድሮ ጎበዝ የነበረ፣ ባለፉት 3 ወራት ግን ሪፖርት እያዘገየ ያለ ሠራተኛ ይጠራል፤ ተወዳዳሪው ያነጋግረዋል፤ ሁለት መዛኞች ይመዘግባሉ። ቀድሞ ጠየቀ ወይስ ወቀሰ? ምክንያቱን አገኘ? ቀን ያለው ስምምነት ላይ ደረሰ? ለመነሻ ዶሴው 40፣ ትወናው 25፣ የታሰረው ቃለ መጠይቅ 20፣ የሙያ ዕውቀት 15 ይያዝላቸው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ተጠባባቂነት አንዱ ነው፤ አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ ከቆየ ውድድሩ ለይስሙላ ይሆናል። ከ6 ወር አይለፍ፤ በተጠባባቂነት የተሠራበት ጊዜም በራሱ ነጥብ አያሰጥ። ሌላው ደመወዝ የሚጨምረው ኃላፊ በመሆን ብቻ መሆኑ ነው። ባለሙያው በሙያው እያለ እስከ ክፍል ኃላፊ ደመወዝ የሚደርስበት የሙያ መሰላል ካልተዘረጋ፣ ሰው ማስተዳደር የማይወድ ጥሩ መሐንዲስ ለልጆቹ ሲል ይወዳደራል፤ ያልፋልም፤ መሥሪያ ቤቱም አንድ መሐንዲስ አጥቶ አንድ ደካማ ኃላፊ ያገኛል።

የ90ውን ነጥብ ማስተካከል ጊዜ ይወስዳል። አለቃው ዝቅ ያለ ነጥብ ሲሰጥ ጠብና አቤቱታ ይከተለዋል፤ ከፍ ያለ ሲሰጥ ምንም አይደርስበትም፤ ስለዚህ ሁሉንም ከፍ ያደርጋል። "ከ10 ሰው 1 ብቻ እጅግ በጣም ጥሩ ይሁን" የሚል ኮታ አትጣሉበት፤ 6 ጎበዞች ባሉበት ክፍል ግፍ ነው፣ በተራ የሚሰጥ ሽልማትም ይሆናል። ይልቅ ከመካከለኛው ወጣ ላለ ማንኛውም ነጥብ፣ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች፣ ቀን ያላቸው ሁለት የሥራ ማስረጃዎች ይጠየቁ፤ ነጥቡ ከመጽደቁ በፊትም የተጓዳኝ ክፍሎች ኃላፊዎች ተሰብስበው እርስ በርስ ይጠያየቁ። ጎረቤት ክፍል ፊት "ለምን 96?" ተብሎ መልስ ማጣት ከመመሪያ በላይ ያስተካክላል።

ከየት እንጀምር ላሉት፣ በሁሉም መደብ ላይ በአንዴ አትጀምሩ። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1881 ሹመት ለምኖ ባጣ ሰው ተተኩሶባቸው ሞቱ፤ ያ ቁጣ የወለደው የ1883ቱ የፔንድልተን ሕግ እንኳ መጀመሪያ በፈተና እንዲሞሉ ያደረገው ከፌዴራሉ መደቦች አንድ አሥረኛ ያህሉን ብቻ ነበር፤ የሰፋው ቀስ በቀስ ነው። እናንተም ብዙ ሰው የምትቀጥሩበትን አንድ መደብና አንድ የኃላፊነት ደረጃ ምረጡ። ለትንተናው 2 ሳምንት፣ ለፈተና ዝግጅት 3፣ ለማስታወቂያና ምዝገባ 2፣ ለምዘናው 2፣ ለቅሬታ 10 የሥራ ቀን ያዙ። ከዚህ ከረዘመ ጎበዞቹ ሌላ ቦታ ይቀጠራሉ። ውጤቱን በኮድ፣ በየምዘናው ተነጥሎ ለጥፉ፤ ተፈታኙ የራሱን ወረቀትና የመልስ ቁልፉን እንዲያይ ፍቀዱለት፤ ቅሬታውን የሚሰማው አካል ውስጥ ከመዛኞቹ አንድም ሰው አይኑር።

የእያንዳንዱን ተቀጣሪ የፈተና ውጤት ደግሞ አስቀምጡ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ 30 ያህል ሰው ሲሞላ፣ የቅርብ አለቆች ነጥቡን ሳያውቁ ለእያንዳንዱ በሥራው ላይ ግምት ይስጡና ሁለቱን አነጻጽሩ። የሚታዩት ያለፉት ብቻ ስለሆኑ ግንኙነቱ ደከም ብሎ ቢታይ አትደንግጡ፤ አንደኛው ምዘና ከሥራው ጋር ምንም ካልተያያዘ ግን ለቀጣዩ ማስታወቂያ ነጥቡን ቀንሱት ወይም ቀይሩት፤ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት።